ያልተነበበ ዛፍ አይቆረጥ፦ የአቮካዶ ልማቱን ለሚመራው ጽሕፈት ቤት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

በአካባቢያችን የፍራፍሬ ልማትን ለሚመራው ጽሕፈት ቤት
ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ለቴክኒክ ኮሚቴው አባላት

ጉዳዩ፦ ነባር የአቮካዶ ዛፎች ዘረመላቸው ሳይመረመር እየተቆረጡ ስለመሆኑ

ክቡራን፣

ሰላምታችንን በአክብሮት እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በግራፍት ሥራ፣ ማለትም የአንዱን ዛፍ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ላይ በማጣበቅ ሥራ ተደራጅተን የአቮካዶ ችግኝ የምናባዛ ሠራተኞች ነን። ገሚሶቻችን በባዮሎጂና በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀን ሥራ ስናጣ ቢላና ላስቲክ ይዘን ችግኝ ጣቢያ የገባን ነን፤ ሌሎቻችን ሙያውን ከወላጆቻችን ጓሮ ለምደነዋል። ቀደም ሲል በቃልም በማመልከቻም ጠይቀናል። መልስ ስላጣን ጉዳዩን ሕዝብ ባለበት ማንሳት ግድ ሆነብን።

ቅሬታችን የሚነሳው ለቀበሌዎች ከተላለፈው መመሪያ ነው። መመሪያው በኩታ ገጠም ሃስ የተባለውን የአቮካዶ ዓይነት የሚተክል አርሶ አደር በማሳውና በአጥሩ ዙሪያ ያለውን «የሀገረሰብ» አቮካዶ አስቀድሞ እንዲያስወግድ ያዛል። ያላስወገደ ሰው ለችግኝ አይመዘገብም። የተሰጡን ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ ገበያው የሚፈልገው ሃስን ነው፣ አሮጌ ዛፍ ደግሞ የበሽታ መጠለያ ይሆናል የሚሉ። ሃስን አንጠላም፤ እንጀራችን እሱ ነው። የታመመ ዛፍ ይቆረጥ ቢባልም መጋዙን ይዘን የምንሄደው እኛው ነን። የምንቃወመው ደኅናውም የታመመውም፣ ምንነቱ የታወቀውም ያልታወቀውም በአንድ ትእዛዝ መውደቁን ነው።

በምክክር መድረኩ ላይ፣ ዛፎቹ ከመቆረጣቸው በፊት የቅጠል ናሙና ተወስዶ የዲኤንኤ ምርመራ ይደረግ ብለን ስንጠይቅ ከመድረክ የተሰጠን መልስ «ጂኖም ለሀብታም አገር ነው፤ የአበባ ተክሎች ዝግመተ ለውጥ ለገበሬው ምን ያደርግለታል?» የሚል ነበር። አዳራሹ ሳቀ። ጥያቄው ግን በሳቅ የሚታለፍ ስላልሆነ እዚህ በዝርዝር እንመልሰዋለን።

የአቮካዶ ጂኖም፣ ማለትም የጠቅላላ ዘረመሉ ንባብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በሜክሲኮና በአሜሪካ ተመራማሪዎች የተመራው ቡድን የሜክሲኮውን ነባር ዝርያና ሃስን አነበበ፤ ከጓቴማላና ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ዝርያዎችም ጋር አነጻጸራቸው። እኛን በቀጥታ የሚነካን ግኝት ይህ ነው፦ ሃስ ዲቃላ ነው። ከጂኖሙ 39 በመቶ ያህሉ ከጓቴማላ ዝርያ የገባ ሲሆን መደቡ የሜክሲኮ ነው። ከጓቴማላ የገቡት አንዳንዶቹ ቁራጮች በጣም ረጃጅም ናቸው። ቁራጭ የሚበጣጠሰው ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ስለሆነ፣ ርዝመታቸው ማዳቀሉ የቅርብ ጊዜ መሆኑን ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ሃስ በዘር አልተባዛም፤ በግራፍት እንጂ። በዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ የአንድ ዛፍ ቀንበጥ ነው።

ያ አንድ ዛፍ የበቀለው በካሊፎርኒያ፣ ሩዶልፍ ሃስ የሚባል ፖስተኛ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካስተከለው ምንነቱ ያልታወቀ ፍሬ ነው። ሰውዬው በላዩ ላይ በጊዜው ተፈላጊ የነበረውን ፉዌርቴ የተባለ የአቮካዶ ዓይነት ግራፍት ለማድረግ ደጋግሞ ሞከረ፤ አልያዘለትም። ሊቆርጠው ሲያስብ ግራፍት የሚሠራለት ባለሙያ «ጠንካራ ዛፍ ነው፣ ተወው ይደግ» አለው። ተወው። እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። የዛሬው መመሪያችሁ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ሃስ የሚባል አቮካዶ አይኖርም ነበር፤ ምንነቱ ያልታወቀ የጓሮ ችግኝ ነበርና። የእናት ዛፉ መጨረሻም መታወቅ አለበት፤ ሥር በሚያበሰብስ በሽታ ተይዞ እ.ኤ.አ. በ2002 ሞተ። በሽታውን የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ የተባለ የአፈር ተውሳክ ዛሬም በዓለም የአቮካዶ እርሻዎች ዋና ጠላት ነው።

አሁን ወደ ተሳቀበት ጉዳይ እንምጣ። በትምህርት ቤት አበባ የሚያወጡ ተክሎችን ባለ አንድ ክክና ባለ ሁለት ክክ ብለን ከፍለን ተምረናል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ እንሰትና ሙዝ ከመጀመሪያው፤ ባቄላ፣ ሽምብራና ቡና ከሁለተኛው። የአቮካዶ ዘር ሲላጥ ሁለት ክክ ሆኖ ይከፈታልና ከባቄላ ጋር እንመድበዋለን። አበባውን በቅርብ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፦ ስድስት ቅጠል መሰል ክፍሎች ሦስት በሦስት ተደርድረዋል፣ ዘር አቧራ የሚሰጡት ዘንጎችም ዘጠኝ ናቸው፣ እነሱም በሦስት በሦስት። ይህ የሽንኩርት ወገኖች አቆጣጠር ነው። አቮካዶ ማግኖሊድ ከሚባለው ጥንታዊ ወገን ነው፤ ከሁለቱም ክፍሎች ውጭ የሚቆጠር። ዘመዶቹን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከእናቶቻችን የቅመም ዕቃ ውስጥ ቀረፋው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ ጢምዙና ገውዙ፣ ከጓሮ ደግሞ ጊሽጣው የዚሁ ወገን ናቸው።

ይህ ወገን በትክክል የት ላይ እንደተለየ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። ቻርልስ ዳርዊን የአበባ ተክሎች በምድር ታሪክ ውስጥ በድንገት መብዛታቸው ግራ ቢያጋባው እ.ኤ.አ. በ1879 ለወዳጁ ለጆሴፍ ሁከር በጻፈው ደብዳቤ «አስቀያሚ ምስጢር» ብሎት ነበር፤ ክርክሩ የዚያ ተከታይ ነው። የአቮካዶው ቡድን ጂኖች በክሮሞዞም ላይ የተሰለፉበትን ቅደም ተከተል መሠረት አድርጎ በለካው ርቀት አቮካዶን ለባለ አንድ ክኮችና ለባለ ሁለት ክኮች በአንድነት እኅት አድርጎ አስቀመጠው፤ የየጂኑ የዘር ሐረግ ንጽጽር ግን ቁርጥ ያለ መልስ እንዳልሰጠ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የአንድ ታይዋናዊ የቀረፋ ዘመድ ጂኖም ደግሞ ወገኑን ከባለ ሁለት ክኮች አጠገብ አቆመው።

ለገበሬው ምን ያደርግለታል? የአቮካዶ ዘር ሐረግ በረጅሙ ታሪኩ ጠቅላላ ጂኖሙ የተደገመበት ክስተት ሁለት ጊዜ አሳልፏል። ከተደገሙት ጂኖች የተረፉት ሌሎች ጂኖችን የሚቆጣጠሩትን አበራከቱለት። ከዚያ ሌላ ጎን ለጎን የተደጋገሙ ጂኖች አሉ፤ ተክሉ ራሱን የሚከላከልባቸውን ኬሚካሎች በማበልጸግ በኩል የተገኙት እነሱ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ዛፍ በሽታ ሲይዘው ሌላው አጠገቡ ደኅና የሚቆምበትን ምክንያት ለሚፈልግ ሰው መነሻው እዚህ ነው። እነዚህ ጂኖች በየዛፉ በየትኛው መልክ እንዳሉ የሚታወቀው ደግሞ ዛፉ በሕይወት ሳለ ነው።

የኛ አገር ዛፎች እንዴት ያሉ ናቸው? አቮካዶ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በግል አልሚዎች አማካይነት፣ በምሥራቅ በሂርና፣ በደቡብ ደግሞ በወንዶ ገነት ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ ለእጅ እየተቀባበለው በፍሬው ተባዛ። በፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም። በቀበሌያችን ቅጠሉ ሲታሽ እንስላል እንስላል የሚሸት ዛፍ አለ፤ ይህ የሜክሲኮ ዝርያ ምልክት ነው። ከሱ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ምንም የማይሸት፣ ልጣጩ እንደ እንጨት የጠነከረ አለ። ከዚያ ወዲያ ልጣጩ ስስ፣ ሥጋው ውኃ የበዛበት። ሰማንያ ዓመት ያለፈው የሦስት ዝርያ ድብልቅ በገበሬው ጓሮ ቆሟል ማለት ነው፤ ማንም ግን አላነበበውም።

ላነበው ብሎ የመጣ ነበር። ባለሙያዎች በመኪና መጥተው፣ ከአንዲት እናት ጓሮ ከቡናውና ከእንሰቱ መካከል ከቆመው ዛፍ ለጋ ቅጠል ቆረጡ፤ እርጥበት የሚመጥ እንክብል ባለበት ትንሽ ላስቲክ ከተቱ፤ ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤ ቦታውን በስልካቸው መዘገቡ። ያ ዛፍ ሌላው አቮካዶ ሁሉ ባለቀ ጊዜ የሚያፈራ ነው፤ ጭማቂ ቤቶች ለእስፕሪስ የሚሻሙበት። እናታችን ባለሙያዎቹን ቡና አፍልተው ሸኙ። ዘንድሮ ልጃቸው ለችግኝ እንዲመዘገብ ዛፉ ተቆረጠ። ቁጥሩ ከመጋዙ በታች ስለቀረ ጉቶው ላይ አሁንም ይነበባል። ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሄደን የዚያ ናሙና ውጤት የት ደረሰ ብለን ብንጠይቅ እንዲህ ያለ ፋይል የለም ተባልን። ናሙናውን እንዲወስዱ ለቀበሌው ደብዳቤ የጻፈው ግን ጽሕፈት ቤታችሁ ነው። ቅጠሉ ተነቦ ከሆነ ውጤቱን ባለቤቷ ማወቅ ነበረባቸው፤ ካልተነበበም ዛፉ መቆየት ነበረበት።

ሁለተኛው ቅሬታችን የአበባው ሰዓት ነው። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሴቴ ሆኖ፣ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በማግስቱ ወንዴ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴቴ ሆኖ ይከፈትና ወደ እኩለ ቀን ይዘጋል፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ሆኖ ይመለሳል። ይህ «ኤ» ዓይነት ይባላል። «ቢ» ዓይነቶቹ፣ እነ ኤቲንገር፣ ፉዌርቴ፣ ቤከንና ናባል፣ ከሰዓት በኋላ ሴቴ፣ በማግስቱ ጠዋት ወንዴ ናቸው። ጠዋት የሃስ ሴቴ አበባ ስትከፈት ዘር አቧራ የሚያቀርብላት «ቢ» ነው፣ የሚያመላልሰው ንብ ነው። ብርድ ሲሆን ሰዓቱ ይዛነፋልና ሃስ ብቻውን ጨርሶ አያፈራም አንልም። ነገር ግን በመመሪያችሁ መሠረት ሃስ ብቻ የተተከለበት አንድ ማሳ አበባው ነጭ አረፋ እስኪመስል ወጥቶ ፍሬው በጣት የሚቆጠር ሆኖ አይተናል። ከመንገዱ ማዶ፣ ባለቤቱ «የአባቴን ዛፍ አልቆርጥም» ብሎ ከምዝገባ የተሰረዘበት ማሳ አለ። በግል የገዛቸው ጥቂት ሃሶች ከአሮጌው ዛፍ ወዲህ ወዲያ ቆመው ቅርንጫፋቸው በእንጨት ተደግፏል። በአፈሩ፣ በውኃው፣ በእንክብካቤው ልዩነት ይሆናል ልትሉ ትችላላችሁ። ይሆናል። ታዲያ ሌላውን ከመቁረጥ በፊት ባለሙያ ልካችሁ ብታዩትስ?

ሦስተኛው ከሁሉም የሚገርመን ነው። የምናቀርብላችሁ የሃስ ችግኝ ጫፉ እንጂ ሥሩ ሃስ አይደለም። ሥሩ የሚበቅለው ከነዚሁ «ይወገዱ» ከተባሉት ዛፎች ከምንለቅመው ፍሬ ነው። የውል ሰነዳችሁ «ከአካባቢው ጤነኛ ዛፍ የተገኘ ዘር» ይላል፤ መመሪያችሁ የአካባቢውን ዛፍ ያስቆርጣል። ሁለቱን ወረቀቶች ያዘጋጁት ክፍሎች የሚገናኙ አይመስለንም። የሥር በሽታን መቋቋም የሚፈለገው ከታች ካለው ሥር ነው። በሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች በበሽታ ካለቀ እርሻ መካከል ሳይሞት የቀረውን ዛፍ እየፈለጉ መቋቋም የሚችል ሥር ማግኘት ችለዋል። ውኃ በሚተኛበት ማሳ፣ ጎረቤቱ ሲደርቅ የቆመ አሮጌ ዛፍ እኛም ጋ አለ። ሥራ ስለምናውቅ እንዲህ ያለውን ዛፍ ስናይ እናስታውሳለን፤ ከሦስቱ ሁለቱ አሁን ማገዶ ሆነዋል። ለቆላውና ለመስኖው ደግሞ ጨው የሚችለው የምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ዝርያ ነው፤ የትኛው ጓሮ ውስጥ እንዳለ ሳይታወቅ ቢጠፋ ኋላ በውጭ ምንዛሪ የምናስመጣው ይሆናል።

ጫፉም ሥሩም አንድ ዓይነት የሆነ ልማት ምን እንደሚገጥመው ሙዝ አሳይቷል። እስከ እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ የዓለምን ገበያ የሞላው ግሮስ ሚሼል የሚባል ዝርያ ነበር፤ እሱም ከግንዱ ሥር በሚወጣ ቡቃያ የሚባዛ አንድ ዓይነት። ከአፈር የሚነሳ ፈንገስ የማዕከላዊ አሜሪካን እርሻዎች ጠራረጋቸው። መንደር በሙሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ ከተቆለፈ ለሌባው አንድ መክፈቻ ይበቃዋል።

አራተኛው የኛው የራሳችን ጉዳት ነው። ግራፍት የምናደርግበትን ቀንበጥ የሚያቀርብልን በናንተ የተመረጠ አቅራቢ ነው። ቀንበጡ በጆንያ ታስሮ ሲመጣ መለያ ወረቀት የለውም። ከዓመታት በኋላ «ሃስ» ተብሎ የተሸጠው ችግኝ ልጣጩ ለስላሳ፣ ሲበስልም አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ፍሬ ሰጠ። የሃስ ፍሬ ሲበስል እንደሚጠቁር፣ ልጣጩም ሸካራ እንደሆነ ማንም ገዢ ያውቃል። ላኪው አልቀበልም አለ፤ ገበሬው እኛን ወቀሰ፤ ጽሕፈት ቤታችሁም የመጨረሻ ክፍያችንን ያዘ። ይህን ለማጣራት ጂኖም በሙሉ ማንበብ አያስፈልግም። ንባቡ እኮ ተሠርቶ ተቀምጧል። ጥቂት የዲኤንኤ ምልክቶችን ብቻ በማየት ቀንበጡ ሃስ መሆን አለመሆኑን መለየት ይቻላል፤ ቀንበጡ ገና በጆንያ ሳለ። በዚያ ምርመራ እኛ ጥፋተኛ ሆነን ብንገኝ ቅጣቱን እንቀበላለን። ሳይመረመር ግን ገንዘባችን ተይዟል። የአባሎቻችን ገሚስ ችግኝ ጣቢያውን ጥለው ወደ ከተማ ሄደዋል፤ አንዱ አሁን ባጃጅ ይነዳል፤ እንደሱ ንጹሕ ግራፍት የሚያስር ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

ከዚህ በመነሳት የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ነባር አቮካዶን ማስወገድ ለችግኝ ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ የሚያደርገው የመመሪያው አንቀጽ ከመጪው የተከላ ወቅት በፊት ይታገድልን። የታመመ ዛፍ ሲገኝ ባለሙያ ዐይቶ፣ በጽሑፍ ወስኖ ይቆረጥ።

የቀሩት ዛፎች ይቆጠሩ፤ የሚያፈሩበት ወር፣ የአበባቸው ሰዓት፣ የቅጠላቸው ሽታ፣ የቆሙበት አፈር ይመዝገብ። ይህን ሥራ እኛ ያለክፍያ ለመጀመር ፈቃደኞች ነን፤ ቅጹን ብቻ ስጡን። በዚህ ዝርዝር ከሌሎቹ ለተለዩት ዛፎች የዲኤንኤ ምርመራ እንዲደረግ ከምርምር ማዕከላትና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ስምምነት ይፈረም።

ከዚህ በኋላ ናሙና የሚወስድ ማንኛውም አካል ለዛፉ ባለቤት የጽሑፍ ማስረጃ ትቶ ይሂድ፤ ውጤቱም በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይመለስ። ከዚህ ቀደም የተወሰዱት ናሙናዎች የት እንዳሉ ጽሕፈት ቤታችሁ አጣርቶ ያሳውቀን።

በየኩታ ገጠሙ «ቢ» ዓይነት ዛፍ እንዲገባ የተከላ ንድፉ ይስተካከል። ስንት ረድፍ ላይ አንድ ይሁን የሚለውን ለባለሙያዎቹ እንተዋለን፤ ዜሮ መሆኑን ግን አንቀበልም።

ለቀንበጥ አቅራቢዎች የእናት ዛፍ መዝገብ ይከፈት፤ ያለ መለያ የመጣ ጆንያ እንዳንረከብ ሥልጣን ይሰጠን። የተያዘብን ክፍያ ምርመራው እስኪደረግ ድረስ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ እንጂ ወደ ሌላ በጀት አይዙር።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን በአበባው ወቅት፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ማሳው ላይ ቢሆን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በግራፍት ሥራ የተደራጁ የአቮካዶ ችግኝ አባዢዎች ማኅበር
የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በአባላቱ ስም

ግልባጭ፦
ለቀበሌ አስተዳደሮች
ለአርሶ አደር ኅብረት ሥራ ማኅበራት
ለአካባቢው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የባዮሎጂ መምህራን